እናታችን ስለ ዙለይካ የነገረችሽ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እኅቴ ለፈንታነሽ አያሌው
አማን

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ስወርድ ያመኛል ያልሽኝ ጉልበትሽ ሻል አለው ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ደኅና ናቸው? ያ እጅሽን ካልያዘ አልተኛም የሚለው ሕፃንስ አደገ? ዓርብ ዓርብ ትወጫለሽ ያለችሽ ሴትዮ ቃሏን ጠበቀች ወይስ እንግዳ መጣብኝ እያለች ታስቀርሻለች? የአገሩ ብርድ እንደኛው እንደ ጉና ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ብለሽኝ ነበርና ሰውነትሽን ሸፈን አድርጊ፤ አደራ።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። እናታችን ከሕመሟ ተነሥታ ጋፋት ቤቷ ገብታለች። አባታችን ዓይናቸው ደከም ቢልም ማሳውን ሳላይ ቁርስ አልቀምስም እንዳሉ ናቸው። ወንድማችን መልካሙ ገብሱን ሰብስቦ ጤፉ እስኪደርስ እየጠበቀ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በወቅቱ ገብቶ በወቅቱ ስለወጣ አዝመራው ደስ ይላል፤ ብታይው ትወጂው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የይሻው ልጅ ጽጌ ናት። እሷም ለሥራ እዚያው ዐረብ አገር፣ አማን ልትሄድ ተነሥታለችና ስትሰናበተኝ ለእታለም የምትልኪላት ካለ ብላ ጠየቀችኝ። ሽሮና በርበሬ ልልክልሽ ነበር፤ ሻንጣዋ ሞልቶ እንቢ አለ። ወረቀት ግን ቦታ አይይዝም። ደግሞም በስልክ የማይነገር ነገር አለኝ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ስልኩን የምትይዘው እናታችን ናት፣ ለእኔ ስትሰጠኝም ከአጠገቤ አትነሣም። ስለ እሷ በእሷ ፊት ማውራት አልሆነልኝም።

ባለፈው እሑድ ስለ ዙለይካ ስትነግርሽ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ዙለይካ የምትባል ልጅ ባትኖር ኖሮ ዛሬ አታገኚኝም ስትልሽ ሰማሁ። አንቺም ግንባሯን ሳሙልኝ ስትዪ ድምፅሽ ከስልኩ አልፎ ጆሮዬ ገባ። ቀጥሎ ስልኩን ተቀብዬ አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ናት አልኩሽ። እውነት ነው፣ ጎበዝ ናት። ግን እንደዚያ ስልሽ ከልቤ አልነበረም። ቀንቼ ነው እታለም። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቅናት ነው።

ከመነሻው ልንገርሽ። እኔ የምሠራበት የሆስፒታሉ ክፍል፣ እንደምታውቂው፣ ጠና ያለ በሽተኛ የሚተኛበት ነው። ዱሮ ትኩሳቱንም፣ የደም ግፊቱንም፣ ትንፋሹንም እየዞርን በእጃችን ነበር የምንለካው። አንዱን ለክተን ወደ ሌላው ስናልፍ የፊተኛው እንዴት እንደሆነ የምናውቀው ዞረን ስንመለስ ነው። አምና ሞኒተሮች መጡልን። መሣሪያው ከበሽተኛው ራስጌ ይቆማል። ከእሱ የሚወጡት ገመዶች አንዱ ደረት ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ አንዱ ደግሞ ጣትን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። የልብ ምቱን፣ ግፊቱን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሳያቋርጥ እያነበበ ያሳያል፤ ከልክ ሲያልፍ ወይ ሲወርድ ይጮኻል።

መሣሪያዎቹ እንደመጡ ከክፍላችን አንድ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ አያያዛቸውን ተምሮ እንዲመጣ ተባለ። ክፍሉ ውስጥ ከማንም በፊት የገባሁ እኔ ነኝ፤ ሥልጠናው የማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። ለመንገድ የሚሆን ጫማ ገዛሁ። ኋላ የክፍላችን ኃላፊ ዳኛቸው ስሙን ሲያነብ ዙለይካን ጠራ። ዙለይካ የይፋግ ልጅ ናት፣ ያኔ እኛ ዘንድ ከመጣች ገና ብዙም አልቆየችም። ቢሮው ገብቼ ለምን እኔን አላደረግከኝም አልኩት። ጠይቃኝ ነው፣ አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ታውቂኛለሽ፣ እስኪጠሩኝ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥም ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር የምጠብቀው፤ አንቺ ነበርሽ ከምጣዱ ላይ የምታነሺው።

ዙለይካ ከባሕር ዳር ከተመለሰች በኋላ የዚያ ክፍል ሰው አፉ ላይ ያለው ስም የእሷ ብቻ ሆነ። መሣሪያው ጮኸ፣ ዙለይካን ጥሩ። ቁጥሩ ጠፋ፣ ዙለይካ የት ናት። ሌላ ክፍል ድረስ ይወስዷት ጀመር። ስትሠራ ደግሞ ማየት ያናድዳል፣ ምክንያቱም ነቀፋ የለውም። ገመዶቹን አታጥፍም፤ እንደ ልቃቂት ክብ አድርጋ ጠቅልላ ትሰቅላቸዋለች። አንድ በሽተኛ ሲወጣ የጣቱን መቆንጠጫና የክንዱን መጠምጠሚያ በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ጨርቁን ታረጥበዋለች እንጂ ውኃ አታንጠባጥብም። በየጊዜው አንዱን መሣሪያ ከሶኬት ትነቅልና ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይላት ትፈትናለች። አንደኛው ባትሪ ሞቶ አግኝታው እስኪቀየር ድረስ ዳኛቸውን ዕረፍት ነሣችው። አስታማሚዎች ስልካቸውን ለመሙላት ሞኒተሩን ይነቅሉ እንደነበር አታውቂም፤ እኛ ጮኸን ጮኸን የተውነው ነገር ነው። እሷ ግን ለእያንዳንዱ አስታማሚ ቁጭ ብላ ታስረዳለች፣ ከዚያ ራሷ ስልኩን ወስዳ እኛ ቢሮ ሰክታ ትሞላለታለች። ማን ይጥላት?

እኔ ግን ስትሳሳት ለማየት እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ግፊት አልነበብ አለና መሣሪያው ደጋግሞ ይነፋል፣ ደጋግሞ ይተወዋል። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅሽ። ዙለይካ የክንዱን መጠምጠሚያ ፈታች፣ ቱቦውን በጣቷ ተከትላ ሄደች፣ የተሰነጠቀበትን አገኘች፣ ቀየረችው። የእኔ ደስታ ያን ያህል ነበር ዕድሜው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እናታችን የታመመችው። ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ አረም ላይ ስትበሰብስ ሰንብታ ሳል ያዛት። ለማንም አልተናገረችም። መልካሙ ትንፋሿ ሲያጥር አይቶ ከጎረቤት ሰው ጋር በቃሬዛ እስከ መንገዱ ተሸክሞ፣ ከዚያ በባጃጅ አመጣት። ሐኪሙ አይቶ የሳንባ ምች ሁለቱንም ሳንባዋን ይዟታል አለ። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሰሞን ስለነበር ባሕር ዳር እንላክ የሚል ሰው አልነበረም። የመጣችው እኔ ክፍል ነው። ልብሴን ቀይሬ ልይዛት ስጠጋ ዳኛቸው ክንዴን ያዘኝና ዛሬ አንቺ አስታማሚ ነሽ፣ ቁጭ በዪ አለኝ። ከዚያ ዞሮ ማንን እንደጠራ መናገር አያሻኝም።

ዙለይካ መጥታ እናታችንን እማማ ብላ ጠራቻት፤ እጅዋን ይዛ በመዳፏ መሐል አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችው። እጅ ሲቀዘቅዝ መሣሪያው እንደሚስት እኔም አውቃለሁ፤ ላደርገው የነበረውን ሌላ ሰው ሲያደርገው ከበርጩማ ላይ ሆኖ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። መቆንጠጫውን ጣቷ ላይ ስታደርግ የኦክስጅኑ ቁጥር ወርዶ ታየ። እኔ የእናታችንን ጣት አየሁት። ለእንቁጣጣሽ እንሶስላ ሞቃ ጥፍሯ ሁሉ ጠቁሯል። ቀለም ሲኖር መሣሪያው በጣት ውስጥ የሚያሳልፈው ብርሃን ስለሚደበዝዝ ቁጥሩ ሊስት ይችላል። በዚያ ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ "እንሶስላው ነው፤ መሣሪያው እየዋሸ ነው" አልኩ። ዙለይካ ጣቷን አይታ ልክ ነሽ፣ አላስተዋልኩትም አለችኝ። አይ የዚያን ጊዜ የተሰማኝ! እናቴ እዚያ ተኝታ የምትተነፍሰው አየር አጥሯት እኔ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ዙለይካ መቆንጠጫውን ወደ እናታችን ጆሮ ጫፍ አዛወረችው። ጆሮ ላይ እንሶስላ የለም። ቁጥሩ ግን ከጣቱ ብዙም አልራቀም። መሣሪያው አልዋሸም ነበር። ልክ መሆኔ ምን ጠቀመኝ? ሐኪሙ ወዲያው ኦክስጅን ይደረግላት አለ፤ ቀጭኑን ቱቦ አፍንጫዋ ውስጥ አስገብተው ከአየር ላይ ኦክስጅን ከሚለየው ማሽን ጋር አገናኙት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ አትዘኚብኝ። ትኩሳቱ ሲበረታባት እናታችን መቃዠት ጀመረች። እኔ በስተቀኝ እጅዋን ይዣለሁ፤ ዙለይካ በስተግራ ሆና የደረቷን ገመድ እያስተካከለች ነው። እናታችን ዓይኗን ገለጠችና ወደ ዙለይካ ዞራ "ፈንታነሽ፣ መጣሽ?" አለቻት። ዙለይካ ገመዱን ትታ ጎንበስ አለች። ከዚያ "አቤት እማማ፣ መጥቻለሁ፤ ይተኙ" አለቻት። እናታችን ፈገግ ብላ ተኛች። እኔን አላየችኝም። እጅዋን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያገር ሰው ያውቃል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁለት ልጆች ነበሯት፤ አንዷ አማን ያለሽው አንቺ፣ አንዷ አንቺን መስላ የቆመችው ዙለይካ። በእሷ ብቻ ሳይሆን በአንቺም ቀናሁ። ሩቅ ሆነሽ እንዲህ የምትጠሪ፣ እኔ ቅርብ ሆኜ የማልታይ ለምንድን ነው ብዬ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። መልካሙ እናታችን የሞተች መስሎት ሮጦ መጣ።

ትኩሳቱ ጋብ ሲልላትም ነገሩ አልቀረም። ዙለይካ ካልመጣች አጥሚቱን አልጠጣም ትላለች። መሣሪያውን እያሳየቻት አረንጓዴው የልብዎ ነው፣ ሰማያዊው የኦክስጅኑ ነው እያለች አስተምራት እናታችን ቁጥር ማንበብ ለመደች። ሊጠይቋት የሚመጡትን የጋፋት ሰዎች አንገቷን ቀና አድርጋ ይኸው ሰማያዊውን እዩልኝ፣ ከትናንት ዛሬ ከፍ ብሏል ትላቸዋለች። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ምን እንደሆነ ልነግራት ስጀምር ይሁን ልጄ፣ እግዜር ይጠብቅሽ ብላ ወደ ጓዳዋ ነበር የምትሄደው።

ከዙለይካ ጋር የተጋጨነው በድምፁ ነው። ሞኒተሩ የእናታችን ኦክስጅን ዝቅ ባለ ቁጥር ይጮኻል፤ ጩኸቱ ያባንናታል። እንቅልፍ አጣች ብዬ ተነሥቼ ድምፁን ልቀንሰው እጄን ስዘረጋ ዙለይካ መጣች። "ይቅርታ ሲስተር እመቤት፤ የእሳቸው ድምፅ አይቀነስም" አለችኝ። ቁጣ የለበትም፣ ረጋ ብላ ነው። ቢሆንም አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በገዛ እናቴ፣ በገዛ ክፍሌ፣ በኋላዬ በመጣች ልጅ! እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላናገርኳትም። እሷ ግን ሰላምታዋን አላቋረጠችም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ መልካሙ ከጋፋት መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ስለ አባታችን እያወራን ነበር። ዳኛቸው ውስጥ ነው። ዙለይካን የቀዶ ሕክምና ክፍል ሰዎች መሣሪያ አስቸገረን ብለው ወስደዋታል። ድንገት መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ እዚህ ብርቅ አይደለምና ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ብለን ወሬያችንን ቀጠልን። ማሰብ የነበረብኝ መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽንም አብሮ እንደሚቆም ነው። አላሰብኩትም። ያስታወሰኝ ጩኸቱ ነው። የእናታችን ሞኒተር በባትሪው እየሠራ ስለነበር በሩ ተዘግቶ፣ ኮሪደሩ ተሻግሮ፣ መልካሙ እየተናገረ ሰማሁት። ያ ድምፁ አይቀነስም የተባለው ነው።

ሮጬ ስገባ ሰማያዊው ቁጥር እየወረደ ነው። የእናታችን ከንፈር መልኩ ተለውጧል። ዳኛቸው በወዲያኛው ጥግ የሌላ በሽተኛ ማሽን ቆሞበት እሱን ይዟል፤ ከዚያ ሆኖ ሲሊንደር፣ ሲሊንደር ይላል። ትርፉ የኦክስጅን ሲሊንደር ከበሩ ኋላ ነበር። እንዴት ጎትቼ እንዳመጣሁት አላውቅም፤ መልካሙ ሊያግዘኝ ሲል ገፍቼው ኖሯል፣ ክንዱ ላይ እስካሁን ምልክት አለ። ቁልፉን ከፈትኩ፣ ቱቦውን ከቆመው ማሽን ነቅዬ ሲሊንደሩ ላይ ሰካሁ፣ ፍሰቱን ጨመርኩ። እናታችን ግን ዓይኗን ከድናለች። ትከሻዋን ይዤ "ተንፍሺ እንጂ! ምን ሆነሻል፣ ተንፍሺ! ዱሮም እምቢተኛ ነሽ!" እያልኩ ጮኽኩባት። ነርስ እንደዚያ አይናገርም። ሰማያዊው ቁጥር መጀመሪያ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ዳገት አወጣጥ፣ መውጣት ጀመረ። ጩኸቱ ሲቆም አልጋው ሥር ተቀመጥኩ።

ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ዙለይካ እየሮጠች መጣች። ሰው ሁሉ ከበባት። የአንቺ መሣሪያ አዳናቸው፣ ባትሪው ባይፈተን፣ ድምፁ ቢቀነስ ኖሮ ይላል አንዱ፤ ሌላው ይቀበላል። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ፤ የሲሊንደሩ ቁልፍ አሁንም እጄ ላይ ነው። ዙለይካ መጀመሪያ ወደ እናታችን፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። እጄን ይዛ አነሣችኝና ለሁሉም "መሣሪያ ይጮኻል እንጂ ሲሊንደር አይጎትትም። ያዳነቻቸው ሲስተር እመቤት ናት" አለች። ከዚያ ወዲያ የሰማት የለም፤ ወሬው አንዴ ሄዷል። እኔም ደስ ያለኝ መስሎሽ ከሆነ፣ አላለኝም። ብትኮራ፣ የእኔ ሥራ ነው ብትል ልጠላት እችል ነበር። ደግ ሆና ያንንም ነሣችኝ።

እናታችን ድና የወጣች ዕለት ዙለይካን አንገቷን አቅፋ መረቀቻት፤ ምርቃቱ ረዘመ፤ ስለ ባል፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወላጆቿ፣ ስለ ይፋግ እህል ሳይቀር። አባታችን አሜን እያሉ ቆመው ነበር። ሲያልቅ እናታችን ወደ እኔ ዞረችና ፌስታሉን ያዢልኝ፣ ጋቢዬንም እንዳትረሺ አለችኝ። በቃ። ፌስታሉንና ጋቢዋን ይዤ እስከ ጋፋት ተከተልኳት።

ሌላም ወሬ አለ። ከመጪው ጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር ሁለተኛ ሥልጠና እንዳለ ሰማሁ፤ የሞኒተሮቹን ብልሽት ስለ መለየትና ስለ መጠገን ነው። በዚህ ጊዜ ቆሜ አልጠበቅኩም። ቀጥ ብዬ ዳኛቸው ቢሮ ገባሁና እኔ ልሂድ አልኩት። ደፋር ነሽ ብሎ እንዲደነቅ ጠብቄ ነበር። ስምሽ እኮ ተጽፏል፣ ዙለይካ ቀደም ብላ መጥታ እመቤት ትሂድ ብላኛለች አለኝ። እዚያም ቀደመችኝ እታለም! ሳቅም እንባም መጣብኝ። ወጥቼ ክፍሉ ስገባ የአንዱን መሣሪያ ገመድ እየወለወለች ነበር። አመሰግናለሁ ልላት አፌ አልታዘዝ አለኝና ጨርቅ አንሥቼ ሁለተኛውን መወልወል ጀመርኩ። እንዲህ አይደለም፣ ከመሣሪያው ወደ ጫፉ ነው የሚወለወለው አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። አሁን እንነጋገራለን፤ ገመድ ስጠቀልል ታርመኛለች፣ እኔም አዲስ ለመጣ በሽተኛ ጥፍሩን እዪ እላታለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ግን አልልሽም። ከበሽተኛ አልጋ ዙለይካ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አሁንም አንገቴ ይዞራል።

የመጨረሻውን ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ መልካሙና አባታችን ወጡ፤ እናታችንና እኔ ብቻችንን ቀረን። አልቻልኩም። እማ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ሲሊንደሩን ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዙለይካ እዚያ አልነበረችም አልኳት። የልጅ ነገር ይመስላል፣ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት እኔ ነኝ እኔ ነኝ ስል። እናታችን ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፣ ቀና ሳትል "አውቃለሁ" አለችኝ።

እንዴት ታውቂያለሽ፣ ዓይንሽ ተከድኖ ነበር አልኳት።

"ዙለይካ እማማ ይተንፍሱ ነው የምትለኝ። እምቢተኛ ብሎ የሚሰድበኝ ከአንቺ ሌላ ማን አለ? ስትቆጪኝ ሰምቼ እኮ ነው የተመለስኩት" አለችኝ።

ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ ዙለይካ ዙለይካ ትያለሽ ስላት ጥጡን አስቀመጠች። ያቺ ልጅ ደብረ ታቦር ላይ እናትም አባትም የላት፣ ስሟን እኔ ካላነሣሁላት ማን ያነሣላታል አለችኝ። አንቺን ባነሣ ግን ሰው ልጇ አይደለችም ወይ፣ ምን ታደርግ ኖሯል ይለኛል፤ ራሴን ማወደስ ይሆንብኛል አለች። ግማሽ ልቤ ጠገበ። ግማሹ አሁንም እምቢ ብሎ ለፈንታነሽ ግን መንገር ነበረብሽ አልኳት። ጥጧን መልሳ አነሣችና "ለእኅትሽማ ራስሽ ንገሪያት" አለችኝ። ይኸው ነገርኩሽ።

እንግዲህ እታለም፣ አባታችን ልጄን እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘኝ ብለዋል፤ የላክሽላቸው መነጽር ሲያነቡ ካልሆነ አያደርጉትም፣ ይቆጥቡታል። እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች፤ ሰማያዊው ቁጥሬ ደኅና ነው በያት ብላኛለች። መልካሙ ስለ ክንዱ ምልክት ለፈንታነሽ ከስሼሻለሁ ብሎ ይስቃል፣ ሰላም ይልሻል። ሚስቱ አማረች ስታርፊ ስልክ ደውይልኝ ትላለች፤ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፣ እስካሁን ለሰው አልተነገረምና እንዳታወሪ። የጽጌ አባት ይሻው ልጄን በዓይንሽ እይልኝ ብለው አደራ ብለዋል። ዙለይካም ሰላም በያት ብላኛለች፤ አስቀርቼው ነበር፣ ኋላ ግን ጻፍኩት። እኔም በጣም ናፍቀሽኛል፤ ጉልበትሽን ተጠንቀቂ።

ታናሽ እኅትሽ
እመቤት አያሌው

ደብረ ታቦር
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.